የግቢ ቅጠልና ቅርንጫፍ በሐዋሳ፦ ለምን ለብቻው ይከፈላል? ክፍያውስ እንዴት ይቀንሳል?

ሐዋሳ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። የወሩ የቆሻሻ ክፍያ ተከፍሏል፤ ሰብሳቢዎቹም በቀናቸው መጥተዋል። አቮካዶው ተከርክሞ ወይም ቡገንቪሊያው ተስተካክሎ በር ላይ የተከመረውን ሲያዩ ግን «ይሄ ለብቻው ይከፈላል» ይላሉ። ባለቤቱም «ይሄስ ቆሻሻ አይደለም እንዴ? በየወሩ የምከፍለው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ክርክሩ የሚነሳው ወርሃዊው ክፍያ ምን ምን እንደሚያካትት ቀድሞ በግልጽ ስለማይነገር ነው።

ወርሃዊው ክፍያ እስከ የት ይደርሳል

ቆሻሻ ከቤት እስከ ማስወገጃ ቦታ የሚጓዘው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ በማህበር የተደራጁት ሰብሳቢዎች ከየበሩ አንስተው በጋሪ ወይም በትንሽ ተሽከርካሪ ወደ ገንዳ ያደርሳሉ። ቀጥሎ ገንዳ አንሺ መኪና ከገንዳው ወደ ማስወገጃው ይወስደዋል። ነዋሪው በር ላይ የሚከፍለው ገንዘብ በዋናነት የመጀመሪያውን ጉዞ ይመለከታል፦ የሠራተኛ ጉልበት፣ ጋሪ፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ጓንት። የመኪናው ነዳጅ፣ ጎማና መለዋወጫ ሌላ ወጪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመውም ከተማው ነው።

ወርሃዊው ሂሳብ ሲተመን የሚታሰበው የወጥ ቤት ትራፊ፣ የቤት ጥራጊና አመድ ነው። የግቢ ተረፈ ምርት ከዚህ የሚለየው በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የወጥ ቤት ቆሻሻ እንደ እርጥበቱ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ ቦታ የያዘ ያልተጠቀጠቀ ደረቅ ቅጠል ግን ብዙ ጊዜ 100 ኪሎም አይሞላ። ያልተቆራረጠ ቅርንጫፍ ከዚያም ያንሳል፤ በየመሃሉ ያለው ክፍተት ሁሉ አየር ነው። ስለዚህ ጋሪው ሞልቶ ይታያል እንጂ የተጫነው ጥቂት ነው፤ አንድ ግቢ ሲከረከም ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ገንዳውም እንደዚሁ ነው። 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ የጥቂት ግቢዎች ቅርንጫፍ ሳይቆራረጥ ከገባበት በአንድ ቀን ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የወጥ ቤት ቆሻሻ ከገንዳው ውጭ ይወድቃል፤ ውሻና አባ ኮዳ ይበትኑታል።

የፍትሕ ጥያቄም አለ፤ በእኛ ግምት ከቴክኒኩ ይበልጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት ቅጠል የላትም፤ የምታወጣው አንድ ትንሽ ከረጢት ነው። የአምስት መቶ ካሬ ግቢ ባለቤት በዓመት ሁለቴ ዛፍ ያስከረክማል። የግቢው ቅጠል በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ይካተት ቢባል ታሪፉ ለሁሉም ከፍ ይላል፤ ተከራይዋም የሌላትን የአትክልት ቦታ ወጪ ትጋራለች። ለብቻ ማስከፈል ትክክለኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚደገፈው ግን ዋጋው ሰው የሚችለው፣ ቀድሞ የታወቀና ለሁሉም እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ ክምሩን እያየ የሚጠራው ዋጋ ሰውን ወደ ሌላ መንገድ ይገፋዋል። ቅጠሉ ማታ ላይ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ይጣላል፣ ባዶ ቦታ ላይ ይቆለላል ወይም ይቃጠላል። በሐዋሳ ይህ የሚያስከትለው ጉዳት ከብዙ ከተሞች ይከፋል። ቦዩ በቅጠልና በፌስታል ሲደፈን የክረምቱ ጎርፍ መንገድ ላይና ቤት ውስጥ ይገባል። ያልተደፈነው ደግሞ ወደ ሐይቁ ያመራል። የሐዋሳ ሐይቅ በላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ግን የለም። የበሰበሰ ቅጠል ይዞት የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እዚያው ይጠራቀማል፣ አልጌ ያበዛል፣ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ለዓሣ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ሕጉና የአከፋፈል መንገዶች

ከደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ጀምሮ ቆሻሻን በዓይነቱ መለየት የቤተሰብ ኃላፊው ግዴታ ነው። በጎዳና፣ በውሃ መውረጃና በውሃ አካል ላይ መጣልም የተከለከለ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን አግዷል። ስለዚህ ቅጠልን በፌስታል አስሮ ማስረከብ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው፦ ፌስታሉ ራሱ የታገደ ነው፤ ቅጠሉም ከፌስታል ጋር ሲደባለቅ ብስባሽ (ኮምፖስት) ለመሥራት አይሆንም። የብር መጠን ግን በፌዴራል አዋጅ አይተመንም። ታሪፍ ማውጣት የከተማው ሥራ ስለሆነ ጥያቄውም ወደ ቀበሌው፣ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀርባል።

ክፍያው በተለያየ መንገድ ሊሰበሰብ ይችላል፤ እያንዳንዱም የሚጠቅመውና የሚጎዳው ሰው አለው። ከቤት ቤት እኩል የሆነ ወርሃዊ ክፍያ ለመሰብሰብ ቀላል ነው፤ ግቢ የሌለውን ግን ይጎዳል። በአዲስ አበባ እንደሚደረገው ከውሃ ሂሳብ ጋር ማያያዝ ከፋዩን አያስመልጥም፤ ሆኖም ብዙ ውሃ የተጠቀመ ሁሉ ብዙ ቅጠል አያወጣም። በማዳበሪያ ወይም በጋሪ ቆጥሮ ማስከፈል ከሁሉም ለፍትሕ የቀረበ ነው፤ ቆራርጦና ጠቅጥቆ የሚያስረክብ ሰው ወዲያው ሲጠቀም ያየዋል። ችግሩ የማዳበሪያው መጠን ካልተወሰነ ክርክር መፍጠሩ ነው።

በእንግሊዝ አገር ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ ስለሆነ ቢታወቅ ይጠቅማል። በዚያ አገር የ1990 (እ.ኤ.አ.) የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች የቤት ቆሻሻን በነጻ እንዲሰበስቡ ያስገድዳል። የአትክልት ቦታ ተረፈ ምርትን ግን በሕጉ ሥር የወጣው ደንብ ለመሰብሰቢያው ሊያስከፍሉበት ከሚችሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ብዙዎቹ ምክር ቤቶች ይህን ተጠቅመው ዓመታዊ ምዝገባ ጀምረዋል። የከፈለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ 240 ሊትር የሚይዝ ለብቻው የተለየ በርሜል ይሰጠዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይነሳለታል። ያልከፈለው ራሱ ወደ መቀበያ ጣቢያ ይወስዳል ወይም ግቢው ውስጥ ያበሰብሳል። እዚያም የሚነሳው ቅሬታ ለእኛ አዲስ አይደለም፦ ከመክፈል ይልቅ ቅጠሉን ከሌላው ቆሻሻ ሥር የሚደብቅ ሰው አለ። ከዚያ አሠራር ለሐዋሳ የሚበጀው በርሜሉ አይደለም፤ መጠኑ፣ ዋጋውና ቀኑ ቀድሞ በጽሑፍ መታወቁ ነው።

ከመክፈል በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ዋጋው የማህበሩ ነው ወይስ የከተማው ታሪፍ? የሚቆጠረው በማዳበሪያ ነው፣ በጋሪ ወይስ በጉዞ? ዋጋው እስከ ገንዳ ነው ወይስ እስከ ማስወገጃው? ደረሰኝስ አለው? ተራ ቁጥርና ማህተም ያለው ደረሰኝ ካልተሰጠ በኋላ ላይ «አልከፈልክም» ለሚል መልስ አይኖርዎትም። በቴሌብር ከከፈሉ ደግሞ የተቀባዩ ስም የማህበሩ እንጂ የግለሰብ አለመሆኑን ያረጋግጡ። መንገድ ላይ ላገኙት ባለጋሪ ሰጥቶ መገላገልም ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ግን ቅጠሉ የት እንደሚደፋ አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ቦይ ወይም ባዶ ቦታ ነው።

ከበር የሚወጣውን መቀነስ

ከቤት ቆሻሻ ሁሉ እዚያው በተፈጠረበት ግቢ ማለቅ የሚችለው የግቢው ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው። የተረፈውን ብቻ ያውጡ።

መጀመሪያ በውፍረት ይለዩ። ከእጅ አንጓ የሚወፍረው ግንድ ማገዶ ስለሆነ ለመጣል ገንዘብ አይወጣበትም፤ ፈልጠው ቢያደርቁት የሚፈልግ ጎረቤት አይጠፋም። ከአውራ ጣት እስከ እጅ አንጓ ያለው በገጀራ ወይም በአጥር መቀስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ። ቀጭኑና ቅጠሉ ለብቻው ይሁን። ይህ ብቻ መጠኑን ወደ አንድ ሦስተኛ ሊያወርደው ይችላል፤ አሥር ማዳበሪያ የነበረው ሦስት ወይም አራት ይሆናል። የሙዝና የእንሰት ግንድ ሲቆረጥ በጣም ይከብዳል፤ 90 በመቶ አካባቢው ውሃ ነውና። ሰነጣጥቀው ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ክብደቱ ይቀንሳል።

የታጨደ ሣርን ቀጭን ከሆነ እዚያው ይተዉት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ካጨዱ ቁርጥራጩ ከሥር ገብቶ በጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ ናይትሮጅኑም ለሣሩ ይመለሳል። ረጅም ሆኖ ከታጨደ ግን እላዩ ላይ ሲከመር ሥሩን ያፍነዋል፤ መሰብሰብ አለበት። አዲስ የታጨደ ሣርና የእንሰት ቅጠል ለከብት መኖ ይሆናል። ያለ መለየት ግን አይስጡ። የአቮካዶ ቅጠል ለፍየልና ለከብት መርዛማ ነው፤ በየአጥሩ የሚበቅለው የወፍ ቆሎም እንዲሁ።

ደረቅ ቅጠል በዛፍና በአትክልት ሥር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሊነጠፍ ይችላል። ከዚያ ከበለጠ ዝናቡ ሥር አይደርስም። ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ግንዱን ነክቶ እርጥብ ከሆነ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። በሐዋሳ አካባቢ ያለው እሳተ ገሞራ ወለድና አሸዋማ አፈር ውሃ ቶሎ ስለሚለቅ የተነጠፈ ቅጠል ጥቅሙ ይታያል፦ በበጋ ውሃ የማጠጫው ጊዜ ይራራቃል። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን ለዚህ አይመረጥም፤ ችግኝ እንዳይበቅል ያደርጋል። የማንጎና የግራቪሊያ ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፤ ለመንጠፊያ ይሆናል፣ ለብስባሽ ከሆነ ግን መቆራረጥ ይፈልጋል።

ብስባሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ቅጠል ጥግ ላይ ቆልሎ መተው ብስባሽ መሥራት አይደለም። እንዲህ የተቆለለ ቅጠል ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ለጉንዳንና ለአይጥ መኖሪያ ይሆናል። ቶሎ እንዲበሰብስ አራት ነገር ይፈልጋል፦ ደረቅና እርጥብ በሚገባ መጠን፣ ውሃ፣ አየርና በቂ ክምር።

ደረቁ ካርቦን የሚሰጠው ነው፦ የወደቀ ቅጠል፣ የደረቀ ሣር፣ የተፈጨ ወይም የተቆራረጠ ቅርንጫፍ፣ ካርቶን። እርጥቡ ናይትሮጅን የሚሰጠው ነው፦ አዲስ ሣር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ያልደረቀ የጫት ገረባ፣ እበት፣ የዶሮ ኩስ። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ ወዲያው ከተነሳ እርጥብ፣ ከሰነበተ ደረቅ ነው። ቅጠሉን የሚያበሰብሱት ተሕዋሲያን በደንብ የሚሠሩት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። ይህን በሚዛን መሥራት አይጠበቅብዎትም፤ በባልዲ ሲቆጠር ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ማለት ነው።

ቦታው ጥላ ያለው፣ ውሃ የማይቆምበትና ከግንብ ራቅ ያለ ይሁን። ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አጠገብ አይሁን። ከታች ቅርንጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፍ፤ አየር ከሥር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ደረቅ፣ እርጥብ፣ በላዩ እፍኝ እፍኝ አፈር ወይም የቀድሞ ብስባሽ እየተደረገ ይከመራል፤ ደረቁም ሲነጠፍ ውሃ ይረጫል። ክምሩ ቢያንስ በሦስቱም በኩል አንድ አንድ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ብዙ ሰው የሚሠራው በግማሽ በርሜል ነው፤ ለምን እንደማይሞቅ የሚገርማቸውም ለዚህ ነው።

እርጥበቱን በእጅ ይፈትኑ። አንድ እፍኝ ይዘው ሲጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፤ እጅ ካላረጠበ ደርቋል። ሙቀቱን ለማወቅ አንድ ዘንግ ፌሮ መሃሉ ድረስ ሰክተው አሥር ደቂቃ ይተዉት። ሲያወጡት ይዞ ለመቆየት የሚያስቸግር ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። በደንብ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይህ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት ከቆየ አብዛኛውን የአረም ዘርና ጀርም ይገድላል። ውጭ ያለው ግን አይሞቅም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ በመንሽ ወይም በአካፋ ሲገለበጥ የውጪው ወደ ውስጥ ይግባ። በሐዋሳ ሙቀት በየጊዜው የተገለበጠ ክምር በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ መጠኑም ከግማሽ በታች ይወርዳል። የደረሰው ጥቁር ቡናማ ነው፣ የአፈር ሽታ አለው፣ ቅጠሉም ተለይቶ አይታይም።

ሲበላሽ ምክንያቱን የሚነግርዎት ሽታው ነው። አሞኒያ ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምረው ይገልብጡ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውሃው በዝቶ አየር አጥቷል፤ ገልብጠው ቅርንጫፍ ይቀላቅሉበት፣ በክረምት ደግሞ በላስቲክ ወይም በቆርቆሮ ይሸፍኑት። ምንም ሳይሸት ካልሞቀ ወይ ደርቋል፣ ወይ አንሷል፣ ወይ ደረቁ ብቻ ነው ያለው፤ እበት በውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቋል። አይጥ ከመጣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ሥጋ ወይም አጥንት ገብቶበታል ማለት ነው፤ እነዚህ ግቢ ውስጥ ባለ ክፍት ክምር ውስጥ አይገቡም።

የሐዋሳ ወቅት ራሱ አንድ እንቅፋት ይፈጥራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ደረቅ ቅጠል ይበዛል፤ ሣር ግን የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሣሩ ይረዝማል፤ ደረቅ ቅጠል ግን አይገኝም። ብዙው ክምር በክረምት የሚሸተው በዚህ ነው። መፍትሔው በበጋ የወደቀውን ቅጠል ጠቅጥቆ በማዳበሪያ አስሮ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ማዳበሪያ ያለው ሰው ክረምቱን ሙሉ ከሚያጭደው ሣር ጋር ይቀላቅላል። ይህን ያደረገ በዓመቱ ውስጥ ለግቢ ተረፈ ምርት የሚከፍለው ከባዱ ክርከማ ሲኖር ብቻ ነው።

ቅጠል ማቃጠል ግን አይመከርም። ጭሱ ሕፃናትንና አስም ያለባቸውን ይጎዳል፤ አብዛኛው ናይትሮጅን ይጠፋል፤ ከፌስታልና ከፕላስቲክ ጋር ከተቃጠለ ደግሞ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይወጣል።

ወደ ክምሩም ወደ ጋሪውም የማይሄዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቅንጬ አረም ነው። አንድ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይይዛል፤ በጋሪ ሲጓዝ መንገዱን ሙሉ እየዘራ ይሄዳል። ሳያብብ ከሥሩ ይነቀል፤ ቆዳን ስለሚያሳክክ በጓንት ይሁን። ካበበ በኋላ ከሆነ በማዳበሪያ ታስሮ ፀሐይ ላይ ሳምንታት ይቆይና ይቀበር። ሁለተኛው በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ወይም ሙዝ ነው። የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። ተቆርጦ ከተጓዘ በሽታውን ለሌላ ግቢ ያደርሳል፤ የቆረጠበት ቢላዋም ያስተላልፋል። ተነቅሎ እዚያው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ቢላዋውና ገጀራው በእሳት ይለብለብ።

ለሰብሳቢዎቹ የሚሰጠውን ማዘጋጀት

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ እሾሃማው፣ ጠንካራው ቅርንጫፍና ከታመመ ተክል ያልመጣ የክርከማ ትራፊ ነው። ክርከማውን ከመጀመርዎ በፊት ለማህበሩ ይንገሩ፤ በር ላይ ሳምንት የተቀመጠ ክምር ሌላውም ሰው ፌስታሉን የሚጥልበት ቦታ ይሆናል። ቅርንጫፍ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ተደርጎ ይቆረጥና በሲባጎ ይታሰር፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም በናይለን ገመድ ከታሰረ ለብስባሽም ለማገዶም አይሆንም። አንዱ እሥር ወይም አንዱ ማዳበሪያ ከ20 ኪሎ አይብለጥ፤ በእጁ አንስቶ ጋሪ ላይ የሚጭነው ሰው ነው። ማዳበሪያው አፉ የሚታሰር ያህል ይሙላ፤ ሞልቶ የፈሰሰ መንገድ ላይ ይበተናል።

የቡገንቪሊያና የጽጌረዳ እሾህ ለብቻው ይሁን። ቀጭን ጓንት የሚበሳ እሾህ ሲወጋ የቴታነስ አደጋ አለው፤ ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች ደግሞ ወፍራም ጓንት የላቸውም። እሾሁን ከካርቶን ጋር ጠቅልለው ይሰሩና በካርቶኑ ላይ «እሾህ» ብለው በትልቁ ይጻፉበት። የሚያነሳውን ሰው ሲያስረክቡም በቃል ይንገሩት። በቅጠሉ ውስጥ ጠርሙስ፣ ምላጭና መርፌ እንዳይገባ ከመታሰሩ በፊት አንድ ጊዜ ይታይ።